ድመትና ውሻ ስለሚዘንብባት አገር አጭር ጥናት

እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከዚህ እንቆቅልሽ ጋር ይፋጠጣል፦ በእንግሊዝ አገር ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል «ድመትና ውሻ ዘነበ» ይባላል። መምህሩ «ዶፍ ወረደ ማለት ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል። ሳይንስ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም። ድመቷ ለምን ተመረጠች? ውሻውስ ምን ሊያደርግ ወጣ? ደግሞስ ምድር ላይ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው መዋል ያቃታቸው ሁለት እንስሳት፣ ያለ አንዳች ጠብ በአንድ ደመና እንዴት ተሳፈሩ?

እስካሁን የቀረቡት ማብራሪያዎች አያጠግቡም። በ1999 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኢሜይል ከሰው ሰው የዞረ አንድ ጽሑፍ፣ የድሮ እንግሊዞች ድመትና ውሻ የሣር ክዳኑ ውስጥ ይተኙ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ ክዳኑ እያሟለጨ ይጥላቸዋል ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ጎጆ ቤት አይቶ አያውቅም። በወጉ የተከደነ ሣር ውኃውን ወደ ውጭ ያንሸራትታል እንጂ ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ሣሩ ውስጥ የተኛ ፍጥረት ቢኖር ደርቆ ያድራል። ድመትስ ጣሪያ ላይ ትውጣ፤ ውሻ ግን ሲዘንብ ጎተራ ሥር ይወሸቃል እንጂ መሰላል አይፈልግም። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ነገሩ የመጣው «ካታ ዶክሳ» ከሚል የግሪክ ሐረግ ነው፣ ትርጉሙም «ከሚታመነው ውጭ» ነው ይላሉ። እንደነሱ ከሆነ፣ እስከ አጥንቱ የበሰበሰ የለንደን ጋሪ ነጂ ምሬቱን የገለጸው በግሪክኛ ነበር። የተሻለው ምስክር ጆናታን ስዊፍት ነው። በ1710 ስለ ከተማ ዝናብ ባሳተመው ግጥም የለንደን ጎርፍ የሞቱ ድመቶችንና የሰመጡ ቡችሎችን እያግተለተለ ይወርዳል፤ በ1738 ደግሞ በጨዋ ሰዎች ወሬ ላይ ባላገጠበት መጽሐፉ አባባሉን ራሱን አስገብቶታል። ችግሩ፣ ጎርፍ አግድም ይሄዳል፣ ዝናብ ቁልቁል። በዚያ ላይ ሪቻርድ ብሮም በ1653 በታተመ ተውኔቱ ውሻና ሸለምጥማጥ መሰል አውሬ አዝንቧል፤ ያኔ ስዊፍት ገና አልተወለደም።

መልሱ ያለው እንስሳቱ ዘንድ ሳይሆን የዝናብ መለኪያው ዘንድ ነው። ለንደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ እጥፍ ያህሉን ታገኛለች። እጥፍ የሚወርድበት ሕዝብ «ዶፍ» ብሎ ጃንጥላውን ሲዘረጋ፣ በካፊያ የሚኖረው ሕዝብ ከሰማይ የቤት እንስሳ ያወርዳል። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዝናቡ በሳሳ ቁጥር የሚወርደው ነገር ይከብዳል። ፕራግ ከለንደንም ታንሳለች፣ 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የምታገኘው፤ ቼኮች ታዲያ የእጅ ጋሪ ወደቀ ይላሉ። አቴና 400 ገደማ ላይ ስትሆን፣ ግሪኮች የወንበር እግር ይዘንብባቸዋል፤ የቀረው ወንበር የት እንደተረፈ ለጊዜው አልታወቀም። በዴንማርክ የጫማ ሰፊ ተለማማጅ ልጆች ይወርዳሉ፤ ጫማ ሰፊው ራሱ ግን ሱቁን ጥሎ አይመጣም።

ሕጉን የሚቃወም አይጠፋም። ዌልሶች «አሮጊቶችና ዱላ ዘነበ» ይላሉ፣ ካርዲፍ ግን ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ እንዴት ነው? የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ነገር ግን አሮጊቶቹ የወረዱት ዱላቸውን ይዘው መሆኑ ልብ ይባል፤ ምርኩዙን ይዞ የሚመጣ ሰው አስቦበት የተነሳ መንገደኛ ስለሆነ በዝናብ አይቆጠርም። ሌላው ተቃዋሚ ከቤት ይነሳል፦ እኛስ «ሰማዩ የተቀደደ ይመስላል» እንል የለም ወይ? እንላለን፤ ይህ ግን የጣሪያ ብልሽት ነው፣ በቀዳዳው የሚወርደውም ውኃ ብቻ ነው። ፀሐይና ዝናብ ሲገጥሙ «ጅብ ወለደች» ማለታችንም አይካድም። ሆኖም ጅቧ የምትወልደው ጉድጓዷ ውስጥ ነው፤ አንድም ግልገል ከደመና ወድቆ አያውቅም። በዚህ ረገድ የእኛ አባባል ከእንግሊዞቹ ይልቅ ለሥነ ሕይወት ታማኝ ነው።

ጥናቱ የጎደለው አንድ መረጃ ብቻ ነው፤ እሱም የሚወርደው ውሻ ክብደት። ለንደን የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በሚቀጥለው ዶፍ አንዱ ደጃችሁ ላይ ቢያርፍ፣ ሳይደርቅ መዝናችሁ በኪሎ አሳውቁን።