ጎማ ለባሾቹ

በአይረንማን ማለዳ ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ላንገነር ቫልድዜ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈራ ሕዝብ ምን እንደሚመስል ያያል። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን። በ1978 ሃዋይ ላይ 15 ሰዎች ጀምረውት 12 የጨረሱት ጉድ ነው፤ ዛሬ ሺዎች ይሰለፉበታል። ቀኑ የሚያልቀው ኮርቻና አስፋልት ላይ ነው። ወሬው ግን ወራቱን ሙሉ ስለ ውኃው ብቻ።

ሐበሻ በማራቶኑ አይደነግጥም። «በስንት ሰዓት ገባ?» ነው የሚለው። አራት ሰዓት ተኩል ብትሉት ለወገን ያፍራል። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ከገባ ወዲህ ሁላችንም በዚያ ሂሳብ ነው የምንፈርደው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠን። ሐይቁን ስትነግሩት ግን ያማትባል።

የፎቃችን ልጅ ዘንድሮ ገባበት። ልጅ የምለው አርባን የተሻገረውን ሰውዬ ነው፤ እሱም «እትዬ» እያለ ዕድሜዬን ስለሚያስታውሰኝ እንካካሳለን። ቢሾፍቱ ተወልዶ፣ ሆራና ባቦጋያ ደጁ እያሉለት፣ ዋና የተማረው እዚህ ነው፤ ያውም «ዜፕፈርድሸን» የምትባለውን የጀማሪ ዓርማ ለማግኘት ከሚንቦጫረቁ ሕፃናት ጎን። እናቱ «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» እያሉ ከዳር አስቀርተውት ነው ያደገው። እኔም ምክር አላጎደልኩበትም፤ «እጅህን ዘርጋ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ» ብዬዋለሁ። ከጉልበቴ በላይ ውኃ ውስጥ የምገባው መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ብቻ መሆኑን እያወቀ፣ አሳዳጊ የበደለው አይደለምና፣ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀልኝ።

ውድድሩ ሲቃረብ የውኃው ሙቀት ሃይማኖት ይሆናል። ከ24.5 ዲግሪ ካለፈ ጎማ ልብስ ክልክል ነው። ጎማው ደግሞ ከብርድ መከለል ብቻ ሳይሆን ያንሳፍፋል፤ ጀማሪ ሁሉ ነፍሱን አደራ የሰጠው ለእሱ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ሲያማርር የከረመ ሰው፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር «ምናለ ዛሬ እንኳ ባትወጪ!» ይላታል። ጎረቤቴ የሐይቁን ዲግሪ በስልኩ ሲከታተል፣ እኛ አገር ቤት ገንዘብ ልንልክ ስንል ምንዛሪ የምናይበት ዐይን ነበር ያለው። በዋዜማው «ተፈቅዷል» ሲባል ስለት የሰመረለት ነው የመሰለው።

ልብሱን መልበስ ራሱን የቻለ ውድድር ነው። እንዲያንሸራትት እግራቸውን ፌስታል ውስጥ ከትተው ይጎትታሉ፣ አንገታቸውን ቫዝሊን ይለቀለቃሉ፣ ይዘላሉ፣ ያቃስታሉ። ዚፑ ከጀርባ ስለሆነ ደግሞ የግድ ሰው ያስፈልጋል፤ ሊፍት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው አንዲት ቃል የማይለዋወጡ ጀርመኖች ለማያውቁት ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ሲለማመጡ ማየት ነው። ዚፑ እንደተዘጋ ሽንት ይመጣል። የመጸዳጃው ሰልፍ አያልቅም፤ ተስፋ የቆረጠው ፈገግ ብሎ ወደ ውኃው ያዘግማል። ሐይቁ ከዋዜማው ይልቅ ለምን ሞቅ እንዳለ እኔን አትጠይቁኝ።

መነሻው ላይ እያንዳንዱ በሚጨርስበት ሰዓት ልክ ቦታ ይዞ እንዲቆም ይነገረዋል። ገደቡ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ ግን ከኋላ መቆም ማንን ደስ ይለዋል? በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ ባዩ በዝቶ ፊቱ ተጨናነቀ። እነዚሁ ሰዎች ናቸው ማታ «እኔ እንኳ ለመጨረስ ያህል ነው» ሲሉን ያመሹት፤ እግራቸውን ተላጭተው፣ የመኪና ዋጋ ያለው ብስክሌት አቁመው።

ገንዳ ውስጥ ከታች ጥቁር መስመር አለ፣ በየ25 ሜትሩም ግድግዳ ያሳርፋል። ሐይቅ ላይ ከታች የሚታየው አረንጓዴ ጨለማ ነው፤ ቀና እያሉ ተንሳፋፊውን ምልክት ካላዩ ቀጥ ብሎ መሄድ የለም። ቀና ማለት ደግሞ ያደክማል። እናም ሁሉም እግር ይፈልጋል። ብስክሌት ላይ ሰው ጀርባ መለጠፍ ያስቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ግን የተፈቀደ ነው። ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን ይከተላል፤ ከፊት ያለው ከፊት ስለሆነ ብቻ መንገዱን የሚያውቅ ይመስላል። አንዱን ቡድን ጠባቂዎቹ በታንኳ ደርሰው፣ ጮኸው ነው የመለሱት፤ ተስማምቶ፣ ተሰልፎ፣ በጥሩ ፍጥነት ወደማይሆን ዳር ይቀዝፍ ነበር። ከመካከላቸው ወዴት ነው የምንሄደው ያለ የለም። በዚህስ ለመሳቅ እኛ መብት ያለን አይመስለኝም።

ዳር ያለነውም ከዋናተኞቹ አንሻልም። ሁሉም ጥቁር ጎማ፣ ሁሉም ቆብ፣ ሁሉም መነጽር። እኛ ግን «ያውና! በአወራወሩ ለየሁት!» እንባባላለን። አንዱን መርጠን «በርታ ጀግናው! አይዞህ!» እያልን በእልልታ እስከ ዳር አጀብነው። ብድግ ሲል ለካ ስድሳ የተጠጋች ጀርመናዊት ናት። መነጽሯን አንስታ እጇን አውለበለበችልን። የተሰጠ እልልታ አይነጠቅምና ጨመርንላት።

የእኛው ሰው ብዙ ቆይቶ ብቅ አለ። መሬቱ አልረጋለት ብሎ ይንገዳገዳል፣ ግራና ቀኝ ይላል፤ ፎቶ አንሺውን ሲያይ ደረቱን ነፍቶ ሮጠ። ፎቶ አንሺውን እንዳለፈ ሩጫው አለቀ። «እትዬ፣ ከባዱ አለፈ!» ብሎኝ ጎማውን ከቁርጭምጭሚቱ ለማላቀቅ እየታገለ ወደ ብስክሌቱ ሄደ።

ወዲያው እናቱ ከቢሾፍቱ ደወሉ።

«ወጣ?»

«ወጥቷል፣ እማማ፣ ደህና ነው።»

እልልታቸው ከስልኬ አምልጦ በዙሪያችን ያሉትን ሁሉ አዞረ። «ተመስገን! በሉ አሁን ወደ ቤት ውሰዱትና ትኩስ ነገር አብሉት፣ ይተኛ።»

ገና 222 ኪሎ ሜትር እንደሚቀረው፣ ከማታ በፊት እንደማይገባ፣ መተኛት የሚባል ነገር እንደሌለ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«እሱ በመሬት ነው አይደል?»