ሰንሰለቱ ስንት ሚሊግራም ነው?

ስኪዞፍሬንያ የያዘው ልጅ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ቤቱ ጠያቂ አያጣም። ብርቱካን ይመጣል፣ ምክር ይመጣል። ብርቱካኑስ ይበላል፤ ምክሩን ማን ይብላው? ደግነቱ ጎረቤት የአእምሮ ሕክምና ነርስ አለች፤ ሰፈሩ «ሲስተር» የሚላት፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚፈጥን።

«በትምህርት ብዛት ነው ጭንቅላቱ የዞረው» አሉ ጋሼ።

«እንግዲያው እርስዎን አያሰጋዎትም።»

ሕመሙ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥፋቱ በሰዓቱ እዚያ መገኘቱ ብቻ ነው።

«ሚስት ብናመጣለት ይረጋጋ ነበር።»

«ያገባ ሁሉ ከተረጋጋ፣ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ማነው?»

«ካስቸገረማ በሰንሰለት ነው!»

«ሰንሰለቱ ስንት ሚሊግራም ነው? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

«ጠበል ሳይሞከር ኪኒን?» አሉ እማማ። እዚህ ላይ ምላሷን አለዘበች። «ማን ከለከለ እማማ? ኪኒኑን በጠበሉ ይዋጠው።»

«አሁን እኮ ተሽሎታል፤ መድኃኒቱ ይቅርበት።»

«ጣራው ማፍሰስ አቆመ ተብሎ ቆርቆሮው ይነቀላል?»

በየቀኑ መዋጥ ለታከተው በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ። በቡታጅራ በተካሄደው ሰፊ ጥናት ሕመሙ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አይተው አያውቁም ነበር። እኛ ደግሞ ያገኘውን ልናስጥለው!

ከዚያ እናቱ ቀስ ብለው «ኪኒኑ ግን ያደነዝዘዋል፣ እግሩም አልረጋ ይላል» አሉ። ሲስተር ወንበሯን ሳበች፤ ተረቡም ቆመ። እውነታቸውን ነው። መድኃኒቱ ሊያንቀጠቅጥ፣ አንገት ሊገትር፣ ቁጭ ብድግ ሊያሰኝ፣ ሊያወፍርም ይችላል። ወጣቱ ኪኒኑን ትራስ ሥር የሚደብቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ቤተሰቡ ግን «እልኸኛ» ይለዋል። «ለእኛ ንገሩን» አለች፤ «መጠኑ ይቀነሳል፣ ወይ በሌላ ይቀየራል፣ ለመገተሩም ማርከሻ አለው። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ጫቱንም አርቁለት።»

ጋሼ ዝም አይሉም። «ድምፅ ይሰማኛል ሲለኝ ‹ማንም የለም!› ብዬ እጮኽበታለሁ።»

«ድምፅ በዛብኝ ላለ ልጅ ሌላ ድምፅ ጨመሩለት!»

እሷ አትከራከረውም፤ እኔም እሰማለሁ ብላም አትዋሸውም። «ለእኔ አይሰማኝም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ አያለሁ። ምን ይልሃል?» ትለዋለች። ድምፁ ራስህን ጉዳ የሚል ከሆነ ወይም ልጁ ስለ ሞት ካወራ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

«ለመሆኑ ይተኛል?» አሉ ጋሼ፣ ወደ ሲስተር ዞረው።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ እኮ» አለ ልጁ። «እኔን ይጠይቁኝ።»

«እሺ፣ ትተኛለህ?»

«እርስዎ መምከር ሲጀምሩ፣ አዎ።»