ውዳሴ ዋዜማ

ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ፣ እኔ ብቻዬን ጋቢዬን ተከናንቤ ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ ሰዓቱ የተምታታበት የአሜሪካ ዘመድ ነውና፣ ልቤ እየመታ ባነሣው፣ ከወዲያ በኩል የመጣው ድምፅ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ የአንዱ ሆኖ አገኘሁት። «መምህር፣ በጣም ይቅርታ፤ ለነገው ፈተና ‹ማስታወስና መርሳት› የሚለው ምዕራፍ አለ ወይስ የለም?» አለኝ። ከኋላው ሌሎች አራት አምስት ድምፆች «ምን አለ? አለ ወይ?» እያሉ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። ምዕራፉን ካስተማርሁት 7 ሳምንት አልፎታል፤ መጽሐፉ በእጃቸው ከገባ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ ነገር ግን እነዚህ ወጣቶች ‹አለ› ብላቸው ገና ሊከፍቱት፣ ‹የለም› ብላቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊዘጉት፣ በአንዲት ቃሌ ላይ ተንጠልጥለው ቆመዋል። አንዲትም ቃል ሳልተነፍስ ስልኩን ዘጋሁት። ለምን እንዳልመለስሁለት ወደ ፍጻሜው እናገራለሁ።

ቁጣዬ በረድ ሲልልኝ ግን፣ ነገሩን ባሰላሰልሁት ቁጥር፣ በደለኛው እኔ እንጂ እርሱ እንዳልሆነ እየተገለጠልኝ መጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ታላቅ በዓል ያለ ዋዜማ አይከበርም፤ ሊቃውንቱ በዋዜማው ተሰብስበው ይቆማሉ፣ ሌሊቱንም በማኅሌት ያነጋሉ። የዛሬው ተማሪ ይህን ሥርዓት ትቶታል ተብሎ ሲታማ እሰማ ነበር፤ ዳሩ ግን ከደብሩ ወደ መኝታ ሕንጻው አዛወረው እንጂ መቼ ተወው? በዓሉ ፈተና ነው፤ ጽናጽሉ የቡና ሲኒ ነው፤ ዕጣኑ፣ የመኝታ ሕንጻው ኃላፊ አይስማ እንጂ፣ ጫቱን የሚያጅበው ሲጋራ ነው፤ መቋሚያው ደግሞ እንቅልፍ እንዳይጥለው እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ ሳፋ ውስጥ ነክሮ የተቀመጠው የጓደኛው ትከሻ ነው። አሥራ ስድስት ሳምንት ሙሉ በሰላም ተኝቶ የከረመ ሰው አንዲት ሌሊት እንዲህ ሲተጋ፣ ትጋቱን ስንፍና ብሎ የሚጠራ ምላስ እንዴት ያለ ምላስ ነው? እኔም ስለ ቀድሞው አንደበቴ ንስሐ ይሆነኝ ዘንድ ይህችን ውዳሴ ጻፍሁ።

አባቶቻችን ጊዜ እንዴት እንደሚባክን በሚገባ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። የንባብ ቤቱ ልጅ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ሲሻገር፣ ያንኑ ቃል መጀመሪያ በግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ እየደጋገመ እንዲወጣው ይገደድ ነበር፤ ሲመሽም በጨለማ ተቀምጦ የቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ መጽሐፍ የለ፣ ኩራዝ የለ፣ ያለው ከገዛ ራሱ ውስጥ ያስቀመጠው ብቻ ነው። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ይውልና፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ተነቅፎና ታርሞ፣ በማግስቱ ያችኑ በሌላ ምሥጢር እንደ ገና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃናው ሳይቀና ወደ ዘአምላኪየ፣ ዘአምላኪየው ሳይቀና ወደ ሚበዝኁ መሻገር የለም። ከሚበዝኁ ቀጥሎ የሚመጣው ቅኔ ስሙ ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ዋዜማ ይባላል። እንግዲህ ለዚያ ተማሪ ዋዜማ ደረጃ በደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ማዕርግ ነበር፤ ለእኛው ተማሪ ግን ትምህርት የሚጀመርበት ሌሊት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈጥን አንባቢ ይፍረድ።

የውጭውም ሊቅ ቢሆን ነገሩን ሳያወሳስብ አልተወውም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ፣ መምህሩም ተማሪውም ራሱ ሆኖ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እየደረደረ ሲሸመድድ ከርሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዋዜማው ቀን 68 ጊዜ የተደጋገመ ጥናትና በሦስት ቀን ላይ ተከፋፍሎ 38 ጊዜ ብቻ የተደጋገመ ጥናት ፍሬያቸው እኩል ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ። ከዚህ የምንማረው የዋዜማው ሰው 30 ጊዜ ያህል በትሩፋት መጨመሩን ነው፤ ትሩፋት የሚሠራን ሰው የሚነቅፍ ማነው? እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አስነብበው፣ አንዱን ደግመው እንዲያነቡ፣ ከሌላው ግን ወረቀቱ ተወስዶባቸው ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ፣ ደግመው ካነበቡት ከመቶ 81 ሲያስታውሱ፣ በቃላቸው ከጻፉት 75 ላይ ቀሩ። ይኸው ዋዜማ በሳይንስ ተመሰከረለት! እንግዲህ ፈታኙ ከመኝታ ሕንጻው በር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ነገር ሁሉ በተቃና ነበር። ሰዎቹ ከሳምንት በኋላም ፈትነዋል፤ ነገር ግን ፈተና ካለፈ በኋላ ስለሚመጣ ሳምንት የሚጨነቅ ማነው? ካነሣሁት አይቀር ልናገረው፦ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረደ፤ በቃላቸው የጻፉት 56 ላይ ቆመ።

የሥርዓተ ትምህርታችን አዘጋጆች በበኩላቸው ኢሲቲኤስ በሚሉት የትምህርት መለኪያ ለአንድ ነጥብ የተማሪው ድካም 27 ሰዓት ነው ይላሉ፤ የእኔ ትምህርት 5 ነጥብ ነውና 135 ሰዓት ይሆናል። ተማሪዬ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው 10 ሰዓት ውስጥ፣ ለቡና፣ ለቀልድና ለእኔ ስልክ ለመደወል 4ቱን ቀንሶ፣ በ6 ሰዓት ይጨርሰዋል። ከ6ቱም ቢሆን ወደ አዳራሹ ገብቶ የሚያገለግለው፣ በሩ ላይ እየተገፋፋ የሚያነበው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ብቻ እንደ ሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው መስክረውልኛል። በአራት ዓመት ውስጥ 45 ያህል የትምህርት ዓይነት ይወሰዳል ብንል፣ ለየአንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ስንሰጥ፣ የአንድ ዲግሪ እውነተኛ ርዝመት 22 ሰዓት ተኩል ሆኖ ይገኛል። ይህም፣ አዳሩን ጨምሮ፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውቶቡስ ከሚኬድበት ጊዜ አይበልጥም።

ስለዚህ ለሚመለከተው ክፍል የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ወደ ጎንደር የተመደበ ተማሪ እዚያ ደርሶ እንዲማር ማስገደድ ቀርቶ በመንገድ ላይ ይማር። በማለዳ መናኸሪያ ቆማ በሶና ዳቦ ቆሎ ያሸከመችው እናቱ እያለቀሰች ትሸኘው፤ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ የአንደኛው ዓመት አንደኛ መንፈቅ ይጀመራል፤ ፍቼ ሲደረስ ይፈተናል። ጎሐ ጽዮን ላይ አንደኛው ዓመት ያበቃል፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለቱና ዳገቱ፣ ጆሮም ስለሚደፍን፣ ሆድም ስለሚያገላብጥ፣ ለከፍተኛ ሒሳብ የተመቸ ስለ ሆነ፣ ለሁለተኛው ዓመት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ደጀን የወጣ ሰው ከባዱን አለፈ ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ምሳ ይበላል፤ ይህም የተማሪዎች ምግብ ቤት መሆኑ ነው፤ ወጡ ቀጠነ ብሎ ሁከት የሚያነሣ ቢኖር አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳልና ሰላም ይሰፍናል። ፍኖተ ሰላም ላይ ሦስተኛው ዓመት ይገባል፤ ባሕር ዳር ታድሮ፣ ከባሕር ዳር እስከ አዲስ ዘመን የመመረቂያው ጽሑፍ ይጻፋል፤ መንገዱ ስለሚያነጥር ፊደሉ ቢንሻፈፍ አማካሪው መምህር እንደ ልማዱ አያነበውም።

የመዝገብ ሹም የሚሆነው የአውቶቡሱ ረዳት ነው፤ ሒሳብ መሰብሰቡን ያውቅበታል፤ ፊትን አይቶ ማን እስከ የት እንደሚደርስ መገመቱንም ያውቅበታል። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ተማሪ ዛሬ እንደሚደረገው ስሙ በሰሌዳ ተለጥፎ አይዋረድም፤ ረዳቱ በሩን ደብደብ አድርጎ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ እርሱም ሻንጣውን ይዞ ቡሬ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ጀምሮ ማንም አይጠይቀውም። ጎማ ቢፈነዳ ትምህርት ተቋርጧል ይባላል። ሕክምና የመረጠ፣ ትምህርቱ ረዘም ያለ ነውና፣ ጎንደር ሳይወርድ እስከ መተማ ይዘልቃል፤ የዶክትሬት ዕጩ ደግሞ በዚያው አውቶቡስ ወደ መጣበት ይመለሳል። ጎንደር ላይ የደረሰው ተማሪ ጥቁሩን ካባ ለብሶ ከፋሲል ግንብ ፊት ፎቶግራፉን ይነሣና፣ በማግስቱ የተሳፈረበትን አውቶቡስ ይዞ ሲመለስ፣ እናቱ ያለቀሰችበት መሐረብ ገና አልደረቀም፤ ለምረቃው የተገዛው በግ እንኳ ለመክሳት ጊዜ አላገኘም። ከዕውቀቱ በኩል የሚጐድለው የለም፤ ዛሬ በአራት ዓመት የሚያስታውሰውን ያንኑ ያህል ያስታውሳል።

የቀሩትን በረከቶች በአጭሩ ልለፋቸው። በቤተ መጻሕፍት ገና ሳይነጋ ወንበር ላይ ደብተር አኑሮ የሚሄድ አለ፤ እስከ ማታ የሚያነብበው ደብተሩ ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ቀለም ቀብቶ እንደ መስከረም መስክ የሚያደርገው አለ፤ ያልተቀባውን ቢያነብ ሳይሻለው አይቀርም። በግቢው በር ላይ ያለው የፎቶኮፒ ልጅ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች በየመምህሩ ስም ጠርዞ ይሸጣል፤ ስለ እኔ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ዋዜማው ያልበቃውም በመዳፍ የምትሸሸግ አጤሬራ አለችው። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደ ገና ሲጀመር፣ እኔ የማስተምርበት የሥነ ልቡና መጽሐፍ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ማስታወሻ አያያዝና ስለ አጠናን የሚያስተምር ምዕራፍ ይዞ መጣ፤ ምዕራፉ ግን የተቀመጠው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ነውና፣ ከተማሪዎቼ እዚያ የደረሰ አላየሁም። ሌሊቱ ቀድሞ ይነጋል።

አሁንስ ሽሙጡ ራሱ አንገሸገሸኝ። ይህ የአንዲት ሌሊት ሩጫ ጥናት አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ወደ አዳራሹ ገብቶ፣ ስሙን ጽፎ ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣለው፤ እስክርቢቶው ከስሙ የመጨረሻ ፊደል ተነሥቶ እስከ ወረቀቱ ግርጌ ረጅም ሰማያዊ መስመር አሰመረ። ትከሻውን ነካ አድርጌ ባስነሣው፣ «አንብቤው ነበር፣ መምህር፤ ሁሉንም አንብቤው ነበር» አለኝ። ሰነፍ አልነበረም፤ ከወረዳው ልቆ የመጣ ልጅ ነው። እናቱ እንኳ ሊጡን አቡክታ ለቀናት አቆይታ፣ አብሲት ጥላ ነው እንጀራ የምትጋግረው፤ በዋዜማው ተቦክቶ ምጣድ ላይ የሚፈስሰው አፍለኛ መሆኑን ያ ልጅ ከቤቱ ያውቀዋል። ትምህርትም እንዲሁ መሆኑን ግን የነገረው የለም። ከትምህርት በወጣ ዕለት ደብተሩን ዘግቶ፣ የሰማውን በባዶ ወረቀት ጽፎ፣ የጐደለውን ገልጦ ቢያይ፣ ይህንም ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላ ቢደግመው፣ ሳፋውም ውኃውም ባላስፈለገው።

የነገረው የለም ስል እኔንም ጨምሬ ነው። ያን ሌሊት በጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የማግስቱ ፈተና ነው፤ ከአርእስቱና ከቀኑ በቀር አንድም ጥያቄ አልተጻፈበትም ነበር። ‹ማስታወስና መርሳት› ይኑር አይኑር ለልጁ ያልነገርሁት ኰርቼበት አይደለም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ስልኩን እንደ ዘጋሁ የአምናውን ፈተና ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ቀኑን ለወጥሁ፤ 7ኛውን ጥያቄ ወደ 12ኛ፣ 12ኛውን ወደ 7ኛ አዛወርሁ፤ ምዕራፉም 5 ጥያቄ ሆኖ ገባ፤ ያን የፎቶኮፒውን ልጅ ቢጠይቁት ከእኔ አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር። ጧት 1 ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቴን ይዤ ወደ ማባዣው ክፍል እየሮጥሁ ብደርስ፣ ከእኔ የቀደሙ አራት መምህራን፣ ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ወረቀታቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ በሩ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው።