ዶሮዋ ትረፍ፣ ሽማግሌው ይነሳ

እኔ ከዶሮ ጋር ጠብ የለኝም። ቡታጅራ ውስጥ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከዶሮ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደገው፤ ከብቱ በጋጥ፣ ዶሮዋ በቆጥ፣ እኛ በምድጃው ዙሪያ። ጠቤ ከዶሮዋ ጠበቆች ጋር ነው።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ ያላማረው ግቢ የለም። የልጅ ልጄንም አማራትና ቀያይ የፈረንጅ ዶሮዎች በባጃጅ ጭና ከች አለች። ሻጩ «ሁሉም በመጣል ላይ ናቸው» ብሎ ምሎላታል። አልዋሸም፤ ሲጥሉ የነበሩት ግን እሱ ቤት ነው። እኛ ጋ ሲደርሱ በላተኛ ብቻ ሆኑ። መኖ ይገባል፣ ኩስ ይወጣል፤ እንቁላል የሚባል ነገር የለም።

«ይታረዱ!» አልኩ። ቤቱ ተሸበረ፤ የእንስሳት ባለሙያ ተጠራ። ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ ነው። እያገላበጠ አያቸውና «ደንግጠው ነው» አለ። ባጃጁ አንገጫግጯቸዋል፤ ቤቱ አዲስ፣ መጠጫው ሌላ፣ መኖው ሌላ ሆኖባቸዋል። እንዲህ የተናወጠች ዶሮ መጣል ታቆማለች፤ ላባዋን ማርገፍ ከጀመረች ደግሞ እስኪበቅልላት ሁለት ወር ያህል ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ ጊዜ ይሰጣቸው፤ አትጩሁባቸው፣ ሕፃን አያባርራቸው፣ ውሻ አይጠጋቸው።

ጉድ እኮ ነው! ልጄ ለሕክምና ብሎ አዲስ አበባ ወስዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሰቅለኝ እኔስ አልተንገጫገጭኩም? ቆጮ የለመደ ሆዴ ፓስታ ሲወርድበት አልደነገጠም? በማግስቱ «አባባ ምነው ተኮሳተሩ?» ነው የተባልኩት። «ጊዜ ስጧቸው» የሚል ባለሙያ አልተገኘልኝም። የማረግፈው ላባ ስለሌለኝ ይሆናል።

ትእዛዙ በዚህ አላበቃም። መኖው በአንዴ አይቀየር፤ የለመዱት ከአዲሱ ጋር እየተደባለቀ ቀስ በቀስ ይሁን። ንጹሕ ውሃ ከፊታቸው አይታጣ፤ ውሃ የጠማት ዶሮ እንቁላል ከየት ታመጣለች? ቅርፊቱ የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ይጨመርላቸው። መጣያቸው ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ጥግ ይሁን፤ ንጹሕ ጭድ ይነጠፍለት። የፈንግል ክትባት መውሰዳቸው ይጣራ። የኔ ፍራሽስ መቼ ነው የሚታደሰው ብዬ ብጠይቅ የሰማኝ የለም፤ ሁሉም ጭድ ፍለጋ ወጥቷል።

እናቴ በዚህ ሁሉ አልተጨነቀችም። አንድ እንቁላል መጣያው ላይ ትተውና ዶሮዋ እሱን እያየች ትጨምርበታለች። ያለጊዜዋ ታቅፋ አልነሳ ያለችውን ደግሞ ጎረቤት ወስዳ ታሰነብታታለች፤ ቦታ ሲለወጥባት መታቀፉን ትታ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። የያኔዋ ዶሮ ቦታ ሲቀየርባት ትጥል ነበር፤ የዛሬዋ ቦታ ሲቀየርባት ታኮርፋለች! ይህንን ለባለሙያው ብነግረው ሳቀብኝ። «አባባ፣ የሐበሻዋ እኮ በዓመት ብትጥል 40 ወይም 60 ነው። እነዚህ በደንብ ከተያዙ ወደ 300 ይጠጋሉ።» እኔም «ልጄ፣ አሁን ያሉት ዜሮ ላይ ነው፤ የእናቴ ዶሮ በ60 ትመራለች» አልኩት።

ያንገበገበኝ ግን የመብራቱ ነገር ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲኖራት ደህና ትጥላለች፤ የኛ ፀሐይ የምትሰጠው 12 ሰዓት ገደማ ነው። የጎደለውን አምፖል ይሞላዋል ተባለ። እኔ ሌሊት ዳዊቴን ልደግም መብራት ሳበራ «አባባ፣ ቆጣሪው!» የምትለው ልጅ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ለዶሮ ታበራለች። አሁን ዳዊቴን ይዤ ወደ ዶሮ ቤት መሄድ ጀምሬያለሁ።

ለካ ባለሙያው ያለው እውነት ነው፤ ሲረጋጉ መጣል ጀመሩ። መቼ ጀመሩ አትሉኝም? ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን! ፋሲካን ያህል በዓል እስኪመጣ እንቁላል አይቼ መመለስ ሆነ ሥራዬ። ጾማችን ከረመዳን ጋር ስለገጠመ እንቁላሉ ለጎረቤታችን ለሐጂ ቤት ማፍጠሪያ ይሸጣል። አድራሹ ማነው? እኔ። ፀሐይ ሲጠልቅ እንቁላሉ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲጠበስ ሽታው አጥር ዘሎ ይመጣል። እሳቸው አፍጥረው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ እኔ ሹሮዬን እጠቀልላለሁ።

የልጅ ልጄ ደግሞ በሽያጩ ልቧ አብጦ ቀጣዩ ዳክዬ ነው እያለች ነው። ዳክዬ ጭንቅላቷን የምትነክርበት ውሃ ካላገኘች አይመቻትም አሉ። እኛ ቤት ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከአሁኑ የፊት መታጠቢያዬን ሳፋ አልጋዬ ሥር ደብቄዋለሁ፤ ጊዜ የሚሰጣት ዳክዬ ከመጣች፣ ሳፋው የኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ሰው በዚህ ቤት አይገኝም።