ለማይሞቀው ሰው ቀዝቃዛ መጠጥ

የፈረንጅ የመጠጥ ቅመራ መጽሐፍ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያገኙት ስለ ሙቀት ነው። ፀሐይ አናት ስትበሳ ብርጭቆዎን በበረዶ ይሙሉ ይላል። እርስዎ ደብረ ብርሃን ጋቢ ደርበው ይህን ሲያነቡ ቅር ሊልዎት አይገባም። ከተማዎ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ስሟም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ በታየ ብርሃን እንደወጣ ይነገራል፤ ብርሃኑ ወረደ እንጂ ሙቀቱ አብሮ አልወረደም። የብርድ ልብስ ፋብሪካም ያለ ነገር አልተከፈተባትም። ቢሆንም ለመዘመን ብርድ ሰበብ አይሆንም።

አስቀድመው ወቅቱን ይለዩ። መጽሐፉ የሞቃት ወራት መጠጥ የሚለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚጠጣውን ነው፤ እኛ ዘንድ ያ ክረምት ነው። ይህን እንደ ዕድል ይቁጠሩት፤ በረዶው በነጻ ይመጣልዎታላ። ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር ንጹሕ ሳፋ ደጅ ያውጡና እርስዎ ጣራ ሥር ይቁሙ። ሽምብራ የሚያህለው ለብርጭቆ ልኩ ነው፤ ከዚያ የተለቀው ለራስ ቅልም አይመችም። እኔ ሳፋውን ሞልቼ ስገባ አክስቴ ከእሳቱ ዳር ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ውሃ ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። ኮክቴል ልሠራ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ጋቢያቸውን ግን ጠበቅ አደረጉ።

ክረምቱ ካመለጠዎት ኅዳርና ታኅሣሥ አሉ። ማታ ውሃ በሳህን ደጅ ያሳድሩ፤ ውርጭ ከጣለ ጠዋት ላዩ መስታወት ለብሶ ያገኙታል።

አሁን ወደ አረቄው። የደብረ ብርሃን አረቄ ስም ያለው ነው፣ ምክንያቱንም የማውቅ ይመስለኛል። ጥንስሱ ከሥር ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባል፤ ጠብታ የሚሆነው እዚያ ነው። የደብረ ብርሃንን ውሃ ደግሞ ቅዝቃዜ ማንም አያስተምረውም። ስለዚህ የዝናው ግማሽ የጌሾው ሳይሆን የብርዱ ነው ብል ባለሙያዎቹ አይቆጡኝ። እርስዎ ግን ቤትዎ አያውጡ፤ ከሚያውቋቸው እናት ይግዙ። አንድ መለኪያ አረቄ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ አምስት ፍሬ ሰማይ-ወለድ በረዶ። ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርገው ይናጡ። ከሂደቱ ሁሉ ሰውነት የሚያሞቀው ይህ መናጥ ብቻ ስለሆነ አይቸኩሉ። ብርጭቆ ውስጥ ገልብጠው አምቦ ውሃ ይሙሉበትና ጤና አዳም ጣል ያድርጉ። ዳግም አረቄ ከሆነ አልኮሉ 45 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላልና ሁለተኛውን መለኪያ የእጅ መንሸራተት ነው ብለው አያመካኙ።

አልኮል ለማይነኩ ዘመዶች መጀመሪያ የሚታሰበው በሶ ነው። ገብሱ የራሳችን፣ ቆዪውም የራሳችን። ሦስት ማንኪያ የበሶ ዱቄት፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ ጨው ወይም ማር፤ ተበጥብጦ ሳይዘቅጥ ይጠጣል። ከዘቀጠ መጠጡ አልቆ ምግቡ ይቀርዎታል፣ እሱም አይጣልም። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሎሚ ክብ ቢሰኩ ዋጋው በሦስት እጥፍ ይጨምራል።

አንኮበር ከሆኑ ደግሞ ብርዝ ያምርብዎታል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን መናገሻ አድርገው በሚኖሩበት ዘመን ጠጅ ተራ ሰው እንደልቡ የሚጥለው መጠጥ አልነበረም፤ ማርና ውሃ አዋህዶ መጠጣት ግን ማንን ያስቀይማል? አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ ይበርዙ፣ ያጥልሉ፣ በዕለቱ ይጠጡ። «በዕለቱ» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ማዕዘን ላይ ለሦስት አራት ቀን የተረሳ ብርዝ ጌሾ ስላልገባበት ጠጅ ነው አይባልም፤ ከአልኮል ነጻ ነው ብለው ለቄሱ ከሰጡ በኋላ ግን ማስረዳቱ ይከብድዎታል።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም የማይጠማዎ ከሆነ ጥማቱን ፍለጋ መሄድ ነው። ጣሊያን ባስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ቢወርዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላሉ፤ ጋቢው መንገድ ላይ ይወልቃል፣ ሹራቡ ይከተላል፣ በሶውም ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል። ችግሩ ሳፋ ሙሉ በረዶ እዚያ ሲደርስ ሳፋ ሙሉ ውሃ መሆኑ ነው።

እኔ ግን እዚሁ ቤቴ እንግዳ ጠራሁ። አራቱም በጋቢያቸው ጫፍ ብርጭቆውን ይዘው፣ አንድ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አሉና ወደ እሳቱ ተጠጉ። አንደኛው ጤና አዳሙን አውጥቶ ከጀበናው አጠገብ አስቀመጠው። አክስቴ ምንም ሳይናገሩ ሳፋ ውስጥ የተረፈውን በረዶ አቅልጠው ጀበናው ውስጥ ጨመሩት። በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላልና፣ ያስጠበቀን በረዶው እስኪቀልጥ ብቻ ነበር።