ስለ ውሽማው እግዜር ይስጥልን

የፊልም ባለሙያዎቻችን ውለታ ከባድ ነው። እነሱ ባይኖሩ እኛ የየጁቤ ሰዎች ባል ሚስቱን እንዴት እንደሚከዳ ከየት እናውቅ ነበር? እዚህ ጎጃም፣ ባሶ ሊበን ትዳር ሁሉ ሰላም፣ አልጋ ሁሉ ንጹሕ ነበር። ደግነቱ ስልክ የሚጠግኑት ልጆች በገበያ ቀን "ፊልም እንጭናለን" ብለው ሜሞሪያችንን ሞሉልንና ዓይናችን ተገለጠ።

የቅርቡን ፊልም ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ ለምን ተለየን ብለው ይቀየሙኛል። አራት ጥንዶች፣ አንድ ቪላ፣ አንድ ነጭ ሶፋ። የመጀመሪያው ባል ከቢሮ ጸሐፊው ጋር ይወሰልታል፤ ሚስቱ ከሁለተኛው ባል ጋር፤ የሁለተኛው ሚስት ከጂም አሠልጣኟ ጋር። ሦስተኛዎቹ ልጅ አጥተው ያለቅሳሉ፤ አራተኛዎቹ ለማሳቂያ የተቀመጡ ናቸው። ለአንድ ትዳር የሚበቃ ታሪክ ሳይኖር አራት ትዳር ማፍረስ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጥንድ የሚናገረው ሲያልቅበት ካሜራው ወደ ሌላው ይዞራል፤ ያኛውም ሲያልቅበት ዝናብ ይጥላል፣ ዘፈን ይገባል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የወስላቶቹ የዋህነት ነው። የጁቤ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ስልኩን በፓተርን ይቆልፋል። የፊልሙ የመጀመሪያ ባል፣ ያውም ሥራ አስኪያጅ ሆኖ፣ "የኔ ማር ናፍቀኸኛል" የሚል መልእክት የሚገባበትን ስልክ ሳይቆልፍ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጎ ሶፋው ላይ ይጥልና ሻወር ይገባል። ሚስት ታነባለች። ብርጭቆ ይወድቃል። (ሁልጊዜም ቀስ ብሎ ነው የሚወድቀው፤ በጀቱ የሄደው እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም።) ጥፊ ይከተላል። በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይቀመጣል፤ "ፈርሚ" ይላታል፤ ትፈርማለች፤ ተፋቱ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 አመንዝራነት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል መሆኑን ከቪላው ውስጥ የሰማ ያለ አይመስልም።

እንዴት ያለ የተባረከ አገር ነው! በእኛ በኩል ፍቺ እንዲህ አይቀናም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይገባል፣ የንስሐ አባት ይገባሉ። ፍርድ ቤት ቢደርስም ዳኛው እስቲ እንደገና ተመካከሩ ብሎ እስከ ሦስት ወር ሊቀጥር ይችላል። ከዚያ የመሬት ደብተሩ ይወጣል። በአማራ ክልል ባልና ሚስት ማሳ ሲኖራቸው ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ ጎን ለጎን ነው፤ ሲጣሉ ማሳው ይለካል፣ ሁለቱ በሬዎች ይካፈላሉ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ስለዚህ ሰው ሳይፋታ በኩርፊያ ይኖራል። አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው "አባትህን ቡናው ደርሷል በለው"፣ "እናትህን አልጠጣም በላት" እየተባባሉ፣ ልጁ ሁለቱም የሰሙትን ቃል መሐል ላይ ሆኖ ሲያመላልስ ዓመት ያልፋል። ይህ ለፊልም አይሆንም፤ ሶፋ የለበትማ።

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. "ሂሩት አባቷ ማነው?" ብሎ ጠይቆ ነበር። ዛሬ የምንጠይቀው የሂሩት ባል ከማን ጋር አመሸ የሚለውን ነው። ይህም እድገት ነው።

ፊልም ሠሪዎቻችን፣ ሌላ ታሪክ ለመሥራት ገንዘብ የለም እንዳትሉ ብቻ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ሰባት ወዳጆችን አንድ የእራት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጠው ስልካቸውን መሐል ላይ እንዲያኖሩ አደረጓቸው፤ ፊልሙ ባብዛኛው ያችው አንዲት ቤት ናት። በሦስት ዓመት ውስጥ በየአገሩ 18 ጊዜ ዳግም ተሠርቶ ጊነስ መዝገብ ገባ። ከእኛው ሰፈርም፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ትዳር ያለ ምንም ውሽማ አስነብበውናል። ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራትን ሴት ያገባ ሰው! ጂም አሠልጣኝ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲጠፋ ነው።

የግድ ጥርጣሬ ካስፈለገም የጁቤ ታሪክ ሞልቷታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ እዚህ ሲቆም ከአባይ ማዶ ቡናና ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ጭምር ይመጣ ነበር። አባይ ሲሞላ መሻገሪያ የለም፤ ማዶ የቀረ ነጋዴ እዚያው ይከርማል። እሱ ማዶ፣ ሚስቱ ወዲህ፣ መልእክት የለ፣ ስክሪን የለ። እስቲ ይህን ጥርጣሬ ጻፉት።

ደግሞስ ሐሜተኛ አልሁን፤ እኛንም አልረሳችሁንም። ጎጃሜው በየፊልሙ አለ፤ በሩ ላይ። ቁምጣውን ታጥቆ፣ ዱላውን ይዞ፣ ማንም ጎጃሜ በማይናገረው ጎጃምኛ "ጋሼ አልገቡም፣ እትዬ ወጥተዋል" እያለ ያስቃል። የማን መኪና ስንት ሰዓት እንደገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ግን አንድም ጥንድ አይጠይቀውም፤ ደራሲውም እንዲሁ። ለመሆኑ የዚህ ሰው ሚስት የት ናት? ምናልባት የጁቤ፤ ማሳውን ለእኩል ሰጥታ፣ የሚልክላትን ብር በቴሌብር እየተቀበለች፣ እስከ ፋሲካ ትጠብቀዋለች። ያምናታል? እሷስ ታምነዋለች?

እባካችሁ በሚቀጥለው ፊልም ካሜራውን ከሳሎኑ አውጥታችሁ በሩ ላይ አቁሙት። ለዘበኛው ስም ስጡት፣ ሚስቱንም አሳዩን። እንዲያ ካደረጋችሁ በሜሞሪ አናስጭንም፤ ደብረ ማርቆስ ድረስም ቢሆን ሄደን ትኬት ቆርጠን እንገባለን።