ያደጉበት ሽታ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ከመካነ ሰላም በላይ፣ ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ውስጥ አንድ ምንጭ ነበረ። ከምንጩ በላይ ገደል ነው፤ ከምንጩ በታች የአስታና የጥድ ደን። በገደሉ ሰሶች ይኖራሉ፣ በደኑ ድኩላዎች። ሰስ ሲደነግጥ ያፏጫል፣ ድኩላ ይጮኻል። ድምፃቸው አይመሳሰልም፣ ሰዓታቸውም አይገጥምም። ውኃ ግን ሁለቱም የሚጠጡት ከዚያችው ምንጭ ነው። የሰስ እናት ብትሞት ግልገሏን ድኩላ ታጠባለች፤ የድኩላም እናት ብትሞት እንዲሁ። የጡት ልጅ ልጅ ነው፤ ማንም ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቀውም።

እኛ የወሎ ከላላ ሰዎች ይህን ለማመን ተረት አያስፈልገንም። አንዱ አጎት ለጁምዓ ሌላው ለቅዳሴ ከሚወጣበት ቤት ነው ያደግነው። ክርስቲያኑ ጎረቤቱን «አብሽር» ብሎ ያጽናናል፤ ሙስሊሙ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እንጨት ይሸከማል። በረካው ሳይጠጣ ከቡናው የሚነሣ የለም። ይህን የምለው ለማስጌጥ አይደለም። በዚህ ተረት የሚጠፋው ምን እንደሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው።

አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ውኃው ሲቀጥን ወሬው ወፈረ። «ሰሶች ከላይ ድንጋይ እየገፉ ምንጩን ሊደፍኑት ነው» አለ አንድ አፍ። የማን አፍ እንደነበረ ዛሬም አልታወቀም። በሦስተኛው ሌሊት የሰስ ግልገሎች የሚያድሩበት ሣር ተቃጠለ። ሁለት ግልገሎች ከሣሩ ጋር ነደዱ።

በማግስቱ አራዊቱ ሁሉ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው አባ ጭላዳ ደረቱን በእጁ ሸፍኖ ሕጉን አወጀ። «ሰስም ይሁን ድኩላ፣ በሌላው ላይ ጥላቻ የሚነዛ ቃል የተናገረ ሁለት ክረምት ከምንጩ ይራቅ። ቃሉ ጥቃት ካስከተለ እስከ አምስት ክረምት ይራቅ።»

ይህ ሕግ በእኛም አገር አለ። ሞጣ ላይ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጸደቀ። የጥላቻ ንግግር ያደረገ እስከ ሁለት ዓመት ይታሰራል ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል፤ በንግግሩ የተነሣ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይሆናል። አዋጁ ሃይማኖት ይላል እንጂ የማን ሃይማኖት እንደሆነ አይለይም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የወሎ ሰው ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በአዋጅ ሲታዘዝ አይቷል፤ ያን ጊዜ ሕጉ ራሱ ወገን ነበረው። የዛሬው ሕግ በወረቀት ላይ ወገን የለውም። የቀረው የሕጉ ጠባቂ ነው።

አራዊቱ ጠባቂ አድርገው የመረጡት ቀይ ቀበሮን ነበር። ምርጫው ማስተዋል የሞላበት ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል እየለቀመ ይኖራል፤ ከሰስም ከድኩላም የደም ቂም የለውም። በአፍንጫውም የሚስተካከለው አልተገኘም። ለዚህኛው አፋፍ አንድ፣ ከሸለቆው ማዶ ላለው አፋፍ ሌላ ቀበሮ ተሾመ። የዚህኛው ቀበሮ እናቱ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ስለሞተች ያጠባችው አንዲት የደን ድኩላ ነበረች። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ በዚያች የሹመት ቀን ግን ያነሣው አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ ታናሽ እህቱ የነደደችበት አንድ ጎረምሳ ሰስ ወደ ምንጩ ወረደ። ከድኩላዎቹ ፊት ቆሞ «ደናችሁን እሳት ይብላው» አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሮው አንገቱን ይዞ ወሰደው። ሁለት ክረምት ተፈረደበት። ማንም አልተከራከረም፤ ቃሉ ክፉ ቃል ነበር።

በዚያው ሳምንት የድኩላ ጎረምሶች ገደሉ ሥር ተሰብስበው ሦስት ሌሊት ዘፈኑ። «ገደል ይናድ፣ ደን ይስፋ» ይላሉ። ግልገሎቹ ላይ ሆነው ይሰማሉ። ቀበሮው አልመጣም። በአራተኛው ቀን የጎረምሳው ሰስ እናት ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

«አያ ቀበሮ፣ ሦስት ሌሊት የተዘፈነውን አልሰሙም ወይ?»

«ሰምቻለሁ፣ እመት ሰስ። የልጆች ጨዋታ ነው።»

«የእኔስ ልጅ ልጅ አልነበረም?»

«ያንቺ ልጅ ዛተ።»

«እነርሱስ?»

«ዘፈኑ። መጀመሪያ ያነሣው ማን እንደሆነ ለይተሽ ሁለት ምስክር ይዘሽ ነዪ፣ አየዋለሁ።»

«ልጄን ሲወስዱት ስንት ምስክር ጠየቁ?»

ቀበሮው ዝም አለ። ከዚያ ከልቡ በሆነ ድምፅ እንዲህ አላት። «እመት ሰስ፣ ጥላቻ ይሸታል። ከልጅሽ ሸተተኝ። ከእነርሱ አልሸተተኝም። ምን ላድርግ?»

አልዋሸም። ይህን ተረት ከነገርኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ቀበሮውን ይረግማሉ፤ እኔ ግን እዚህ ላይ ነው የምፈራው። ጉቦ የበላ ጠባቂ ሲበላ ሊታይ ይችላል፣ ጠላት የሆነም ይታወቃል። በድኩላ ጡት ያደገ አፍንጫ ግን የድኩላ ቁጣ አይሸተውም። ያደገበት ቤት ሽታ ለእርሱ ሽታ ሳይሆን አየር ነው። እንዲህ ያለ ጠባቂ በቅን ልቡ እንቅልፉን ይተኛል፤ የተበደለውም ቅንነቱን እያየ ራሱን ይጠራጠራል።

እናቲቱ ሸለቆውን ተሻግራ ከማዶ ዘመዶቿ ዘንድ ልትኖር ተነሣች። ማዶ ሰሶች ይበዛሉ፤ እዚያ ጠባቂው ይሰማኛል ብላለች። በጠባቧ መንገድ ላይ ግልገሏን ያስከተለች ድኩላ ከማዶ ስትመጣ አገኘቻት።

«ወዴት ነው እህቴ?»

«ወደናንተ አፋፍ። እዚያ ድኩላ ይበዛል ብለውኝ ነው። የእኛ ጠባቂ አልሰማ አለኝ።»

«ምን አለሽ?»

«የልጆች ጨዋታ ነው አለኝ። ምስክር አምጪ አለኝ። አልሸተተኝም አለኝ።»

ሁለቱ እናቶች መንገዱ መሐል ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ አልተነጋገሩም።

እኔም አብሬያቸው ልቀመጥ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ የአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ የነበሩ ሰዎች ጥቃት ደረሰባቸው፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በሁለቱም ስፍራ የተጎዳው ሰው የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የጸጥታ ኃይሉ የት ነበር? አንድ ወገን በሚበዛበት ከተማ ሙስሊሙ ይጠይቀዋል፣ ሌላው በሚበዛበት ክርስቲያኑ። ቡና ላይ ስንጫወት ግን ሞጣን የሚቆጥር ወራቤን አይቆጥርም፤ ወራቤን የሚቆጥር ሞጣን ይዘላል። የየራሳችንን አመድ ይዘን፣ ያኛው ወገን ፖሊስ አለው፣ እኛ ግን የለንም እንላለን። ከሁለቱ አመዶች አጠገብ ቆሞ ያየ ሰው ግን ጠባቂው የአንዱ ሃይማኖት አገልጋይ እንዳልሆነ ይገባዋል። ጠባቂው የሚያገለግለው በየአፋፉ የበዛውን ነው።

ወደ እናቶቹ እንመለስ። ተያይዘው ወደ አባ ጭላዳ ሄዱ፤ አራዊቱም ዳግም ተሰበሰቡ። ሕጉ ይጠንክር፣ አምስቱ ክረምት አሥር ይሁን ያሉ ነበሩ። የሰስ ጎረምሶች ደግሞ የራሳችን ቀበሮ ይሾምልን አሉ። አባ ጭላዳ ራሱን ነቀነቀ። «ለየወገናችሁ ቀበሮ ብትይዙ ምንጩን ማን ይጠብቀዋል?»

የማዶዋ ድኩላ ተነሣች። «ቀበሮው የያዘውን በዚህ ጥድ ልጥ ላይ በጥፍሩ ምልክት ያድርግ። ለሰስ በቀኝ፣ ለድኩላ በግራ። የተወውን ለምን እንደተወ በአደባባይ ይንገረን። ሌላ አልጠይቅም።»

ምልክቱ ተደረገ። በቀኝ አሥራ አንድ ጭረት፣ በግራ አንድም የለም። ቀበሮው ልጡን አየ። ራሱ የጫረው ነውና የሚክደው አልነበረውም። ከድኩላዎቹ አንዳንዶቹ «ሰሶች ስለሚያጠፉ ነዋ» አሉ። እርሱ ግን አልመለሰላቸውም።

እመት ሰስ የተቃጠለው ሣር ወዳለበት ወሰደችው። «ያሽትቱ» አለችው። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«ምን ሸተተዎት?»

«አመድ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይደሩ» አለችው።

ቀበሮው አደረ። አንድ ሌሊት አይደለም፤ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ገደሉ ላይ ከሰሶቹ ጋር ሰነበተ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ውኃ ከላይ ሆኖ ጠጣ። ግልገሎቹ ሌሊት ቅጠል ሲንኮሻኮሽ እንዴት ብድግ እንደሚሉ አየ። ታች ያሉት ወዳጆቹ ተቀየሙት፤ «ጡታችንን ረሳ» አሉ። አንዳንድ ማታ ራሱም እንደዚያ እያሰበ ያነባ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። «ገደል ይናድ፣ ደን ይስፋ።» ቀበሮው ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። ምንጩን አልፎ ደኑ ጫፍ ሲደርስ ድንገት ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው አየር አፍንጫውን መታው። ሸተተው።

ሽታውን ተከትሎ ሄደ። ሌሎች ዛፎችን አልፎ፣ ሕፃን ሳለ ከተንከባለለበት ጥድ ሥር ደረሰ። ያጠባችው አሮጊት ድኩላ ደጃፏ ላይ ተኝታ ነበር። ኮቴውን ሰምታ ቀና አለች፤ ዓይኗ አያይም።

«ልጄ ነህ? መጣህልኝ?»

«መጣሁ፣ እማ» አላት። ጉልበቷን ሳመ። «ወንድሜ እቤት አለ?»